መንቀጥቀጡ ሲቀር

«ብርድ አልፈራም» ማለት እወዳለሁ። እዚህ ኩዌት፣ ሹዌኽ ሰፈር ውስጥ ይህን ከአፌ ያልሰማ ሐበሻ የለም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ነዋ የምናገረው። «የመንዝ ልጅ ነኝ፣ መሐል ሜዳ ውርጭ ላይ ነው ያደግሁት» እልና ጓንቴን አውልቄ መዳፌን አስነካለሁ። መዳፌ ሙቅ ነው። ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ከሆነ ፍሪዘር ወጥቼ እንኳ ሙቅ ነው። የነካኝ ሰው «ወይ ጉድ! ጌጤነሽ፣ አንቺ ሰው ነሽ?» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም።

ነገሩ ግን ጉራ ነው። መንዝን የለቀቅሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁን አርባ አንድ ሞልቶኛል። አዲስ አበባ ሰው ቤት፣ ከዚያ ቤይሩት፣ ከዚያ እዚህ ኩዌት ሱራ በሚባል ሰፈር ማዳም ቤት ኖሬያለሁ። የዚህን የቀዘቀዘ ምግብ መጋዘን ሥራ ስጀምር የመንዝ ደሜ የት እንደገባ እንጃ፣ ሦስት ወር ሙሉ ጥርሴ አልገጥም ብሎኝ ተንቀጥቅጫለሁ። ጣቶቼ አብጠው ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ራብ መጣ። እንዲህ ያለ ራብ አይቼ አላውቅም፤ ሁለት ኹብዝ፣ የዐረብ ቂጣ፣ በፉል በልቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይሞረሙረኛል። እየበላሁ ግን አልወፈርኩም። ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ቀነሰ፣ ከዚያም ተወኝ። ብርድ ክፍል ስገባ ሙቀት ከአንገቴ ሥር፣ ከትከሻዬ መሐል ተነስቶ ወደ እጄ ሲወርድ ይሰማኛል። ሰውነቴ እንደ ምድጃ ሆኖ የሚማግደውን ብቻ ይጠይቀኛል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲመጣ ማገዶው ቀረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ብርድ ውስጥ ቆሜ ካርቶን ሞላሁ። በአሥረኛው ቀን መንቀጥቀጡ ተመለሰ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዓይኔ ጨለመብኝና መደርደሪያ ይዤ ቆምኩ። ከፊቴ ጎኑ የተጨረመተ የቂሽጣ ቆርቆሮ ነበር፤ ቂሽጣ የሚሉት ወፍራም የወተት ቅባት ነው። የተጨረመተ ዕቃ አይሸጥም፣ ይጣላል። ከካርቶኖቹ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ከፈትኩትና በጣቴ እየጠረግሁ ጨረስኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያ ሙቀት ከአንገቴ ሥር ተነሳ። አለቀስኩ፤ ግን በማግስቱም በላሁ።

ከዚያ ወዲህ በጾም ቀን ሁሉ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከካርቶኑ ጀርባ እሄዳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ ለአባ ሀብተ ወልድም ጭምር። አርብ አርብ ኩዌት ሲቲ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሴቶቹ «ጌጤ እኮ በረዶ ውስጥ ቆማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች» እየተባባሉ ቦታ ይለቁልኛል። አንዳንዷ «በጸሎትሽ አስቢኝ» ትለኛለች። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ «እግዚአብሔር ይስማን» እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

በሁለተኛው ሁዳዴ ኮሮና ገባ። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፣ አውቶብስ ቆመ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከቤት መውጣት ተከለከለ። የኩዌት ሰው ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ምግብ ማዘዝ ጀመረ። ሥራችን ሦስት እጥፍ ሆነ። ከእኛ ጋር የሚሠሩት ሴቶች ግማሾቹ ከሰፈራቸው መውጣት አልቻሉም፣ ግማሾቹ ፈርተው ቀሩ። ሙሽሪፋችን፣ ማለትም አለቃችን፣ ግብፃዊው አቡ ከሪም ከመጋዘኑ በላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ አስገባና «እዚሁ አድራችሁ እዚሁ ውላችሁ ሥሩ» አለ። አንደኛው አልጋ የእኔ ነበር። ሁለተኛው ላይ ሩሀማ መጣች።

ሩሀማ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የመተሐራ ልጅ ናት። ሳልሚያ ሰፈር የውበት ሳሎን ውስጥ ጸጉር ትሠራ ነበር፤ ሳሎኖች ሲዘጉ ሥራ አጣች። ቀጭን ናት፣ ክንዷ በሁለት ጣት ይያዛል። መተሐራ ማለት ደግሞ በጥር ወር እንኳ ሰው ጥላ የሚፈልግበት አገር ነው። የመጀመሪያ ቀን ብርድ ክፍሉን ከፍቼ ሳስገባት ትንፋሿ ጢስ ሲሆን አይታ እንደ ሕፃን ሳቀች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳቁ ጠፋ።

«እትዬ ጌጤ፣ እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ።

«ይለመዳል።»

«ምን አድርገሽ ለመድሽው?»

እዚህ ላይ ነው አፌን መዝጋት የነበረብኝ። ለጉራ የምትሆን አንዲት ነፍስ አግኝቼ እንዴት ልዝጋ? «ልብስ አታብዢ፤ ልብስ ካበዛሽ ሰውነትሽ ይሰንፋል። እኔ ከአንድ ጃኬት በላይ ለብሼ አላውቅም» አልኳት። «መንቀጥቀጡን ታገሺው። አንድ ቀን በድንገት ይተውሻል። ያን ቀን ለመድሽ ማለት ነው።»

«ጾሙስ?»

«ጾም ያጠነክራል እንጂ አያደክምም» አልኳት። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ልጅቷ አመነችኝ። ሳሎን ሳለች ጾሙን እንደነገሩ ነበር የምትይዘው፤ እኔን አይታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመረች። ሁለተኛውን ጃኬት አውልቃ ሰቀለችው። አራት ሰዓት ሲሆን «አንድ ነገር ልቁጠር» ብዬ ከካርቶኑ ጀርባ እሄዳለሁ፤ እሷ ከፊት ቆማ እጇን እያሻሸች ዶሮና አትክልት ካርቶን ውስጥ ትከታለች። አፌን ጠርጌ ስመለስ ፈገግ ትልልኛለች። ከመጋዘኑ ወጥተን ስንገባ በር ላይ የግንባር ሙቀት ይለካሉ። የእኛ ሁሌም ዝቅ ያለ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት። አቡ ከሪም መለኪያውን አይቶ «እናንተ ሰዎች ናችሁ ዶሮ?» ይልና በሳቅ ያሳልፈናል። ትኩሳት ነው የሚፈለገው፣ ብርድ የሚፈልግ የለም።

ማታ ማታ ክፍላችን ውስጥ ጸጉሬን ትሠራልኝ ነበር። እኔ አልጠየቅኋትም። «እትዬ፣ ይሄ ጸጉርሽ ምን በደለሽ?» ብላ ከኋላዬ ተቀመጠች። ራሴን ሰው ከነካኝ ስንት ዓመት እንደሆነ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ። ጣቶቿ እስከ ምሽት ድረስ ቀዝቃዛ ነበሩ። «መንዝ ውስጥ ሰው ብርድን እንዴት ነው የሚችለው?» ትለኛለች፤ እኔም አድርጌ የማላስታውሰውን ሁሉ እነግራታለሁ። እንደዚያ የተደሰትኩበት ሳምንት ኩዌት ውስጥ የለኝም። ልጅቷን ልገድላት እንደነበር ከተናገርኩ በኋላ ይህን ማለት ስለሚያስጠላ አሁኑኑ ልበለው። ደግነቱ አልሞተችም።

መጋቢት ሃያ አራት ቀን ፍሪዘር ውስጥ የሚሠራው ልጅ ሰፈሩ ስለተዘጋ ቀረ። አቡ ከሪም እጁን አርገበገበ፤ «ዛሬ ብቻ፣ ወላሂ ዛሬ ብቻ» አለ። እኔና ሩሀማ ተራ በተራ እየገባን የበረደ ዓሣና ዶሮ ማውጣት ጀመርን። ሃያ ደቂቃ ገብቶ መውጣት ነው ደንቡ። ጥድፊያው ሲበዛ ግን ደቂቃ የሚቆጥር የለም። የሩሀማ ጓንት በበረዶ ረጥቦ ነበር፤ ቀይሪ ያላት የለም፤ እኔም አላልኳትም።

ስምንት ሰዓት አካባቢ ከፍሪዘር ወጥታ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ፈገግታዋ ግን ሙሉ ነው።

«እትዬ ጌጤ፣ እዪኝ!» አለችና ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። «አይንቀጠቀጥም! ቀረ! ለመድኩት!»

እጇ እውነትም ጸጥ ብሏል።

«አላልኩሽም?» አልኳት። ኩራት ተሰማኝ። ልጄ ክፍል ያለፈች ይመስል ትከሻዋን መታ መታ አደረግሁት። «በይ ያቺን የመጨረሻዋን ካርቶን አምጫትና ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እንበላለን።»

ተመልሳ ገባች። እኔ ነኝ የመለስኳት።

አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ሆነ። የካርቶን መውደቅ ሰማሁ። ስገባ ሩሀማ የእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጣ ጃኬቷን እያወለቀች ነበር። ዚፑ አልከፈት ብሏት በሁለት መዳፏ ትጎትተዋለች። «ሞቀኝ» አለች፤ ቃሉ በአፏ ውስጥ ተንከባለለ እንጂ በደንብ አልወጣም። «እትዬ፣ ሞቀኝ እኮ...»

እኔም ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሁዳዴዬ አሥራ ሁለተኛ ቀን ትዝ አለኝ። ባዶ ሆድ ብርድ ውስጥ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አውቅ ነበር። ይሄ ነው የሚቆጨኝ፤ አላወቅሁም ብዬ የምምልበት እንኳ የለኝም።

በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ቀላል ናት። ወደ ግቢው አውጥቼ ፀሐይ የጋለው ሲሚንቶ ላይ አስተኝቼ ከላይዋ ተኛሁባት። አቡ ከሪም ሮጦ መጣና ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። «ኮሮና ነው?» አለ። «ብርድ ነው! ብርድ!» ብዬ ጮህኩበት። በሚያዝያ ዋዜማ፣ ኩዌት ፀሐይ ላይ ተኝተን ብርድ ነው ስል ማን ያምነኛል? አምቡላንስ ጠራ። ነጭ የፕላስቲክ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው ወሰዷት። አንደኛው እኔን በጣቱ ጠቁሞ «ይህችም ሐጅር ትግባ» አለ። ሐጅር ማለት ተነጥሎ መቀመጥ ነው። አሥራ አራት ቀን እዚያችው ሁለት አልጋ ያለባት ክፍል ውስጥ በር ተዘጋብኝ።

ሰው አልወድም እያልኩ ነው የኖርኩት። ማዳም ቤት ሳለሁ ትልቁ ምኞቴ የራሴ ክፍል ነበር። ይኸው አገኘሁ። ከታች የማቀዝቀዣው ሞተር ሌት ተቀን ወለሉን ያርገፈግፈዋል። በመስኮቱ የወደቡ ክሬኖችና አንድ የተዘጋ ጋራዥ ይታያሉ። ምግብ በር ላይ ያስቀምጡና አንኳኩተው ይሸሻሉ፤ ስከፍት ኮሪደሩ ባዶ ነው። በሦስተኛው ቀን ድምፄ እንዳለ ለማወቅ «ደህና ዋልሽ ወይ» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ድምፄ ሻክሮ ወጣ። የሩሀማ አልጋ ልብሱ እንደተገለጠ ነበር፤ ማበጠሪያዋ ትራስጌዋ ላይ። የሠራችልኝ ሹሩባ ከግንባሬ ጀምሮ መፈታታት ያዘ። እጄን ወደ ራሴ በላክሁ ቁጥር ትንሽ ይላቀቃል፤ ስለዚህ መንካት ተውኩ።

በቀን አንድ ጊዜ ከሆስፒታል ነርስ ትደውላለች። ህንዳዊት ናት፤ ዐረብኛዋ ከእኔ ይሻላል። «ትኩሳት? ሳል? ሽታ ይሸትሻል?» ብላ ትዘጋለች። በአራተኛው ቀን ሳትዘጋ «ልጅቷስ?» አልኳት።

«ኮሮና የለባትም። ትተርፋለች» አለችኝ። «ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትመጣ ደሟ ውስጥ ስኳር የሚባል አልነበረም። ምን በልታ ነበር?»

«ምንም። ጾም ላይ ነን።»

እንደ አስተማሪ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሰው ሲበርደው መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ጡንቻው እየነደደ ሙቀት እንዲያወጣ ነው። ብርድ ውስጥ ለሳምንታት የቆየ ሰውነት ሌላ መንገድ ይማራል፤ አንገትና ትከሻ አካባቢ ያለ ቅባት ሳይንቀጠቀጥ ይነድለታል። ይሄኛውም ሆነ ያኛው ግን ምግብ ይፈልጋል። «ለምዶ መንቀጥቀጥ ያቆመ ሰው እጁ ይሞቃል። እጁ ሳይሞቅ መንቀጥቀጥ ካቆመ ግን ሰውነቱ ማገዶ ጨርሶ እጁን ሰጥቷል ማለት ነው። እጇን ነክተሽው ነበር?»

አልነካሁትም። ሰው ሁሉ መዳፌን እንዲነካልኝ ስጠይቅ የኖርኩ ሴት የእሷን አልነካሁትም። ትከሻዋን ነው የመታሁት፣ እሱም ከጃኬቱ በላይ።

«እኔ የቀዝቃዛ አገር ልጅ ስለሆንኩ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ለምን እንደጀመርኩት አላውቅም፣ ልማድ ነው።

«ከዚያ ከወጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሃያ ሰባት ዓመት።»

«ይሄማ በወራት ውስጥ የሚጠፋ ነገር ነው» አለችኝ። «የአንቺ እዚሁ መጋዘን ውስጥ የመጣ ነው። በደንብ ትበያለሽ መሰለኝ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ። ሩሀማ ከሆስፒታል በነርሷ ስልክ መልእክት ላከችልኝ። «እትዬ አትጨነቂ፣ ጥፋቱ የእኔ ደካማ ሰውነት ነው፣ የአንቺን ምክር አበላሸሁብሽ» ይላል። አሥር ጊዜ አነበብኩት። ሰድባኝ ቢሆን እመርጥ ነበር።

ለአባ ሀብተ ወልድ ደወልኩ። አዲስ አበባ ናቸው፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቆርቆሮውን፣ ጉራውን፣ «ለመድሽ» ማለቴን። «አባቴ፣ ቀኖና ይስጡኝ» አልኳቸው። ስግደት ጠብቄ ነበር፤ ሁለት ሺህም ቢሉኝ ደስታዬ ነው፣ ጊዜ ሞልቶኛል።

«ልጄ፣ ሥራው የሚያደክመው ሰው ለካህኑ ነግሮ ይበላል። ብትነግሪኝ እፈታሽ ነበር» አሉኝ። «በመብላትሽ አይደለም የማዝነው። ስግደት አልሰጥሽም። ቀኖናሽ ለልጅቷ መንገር ነው።»

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

አራት ቀን አቆየሁት። እውነቱን ልናገር፤ ከነገርኳት እንደማጣት አውቅ ነበር። ይህን ያህል ዓመት በሰው አገር ስኖር ከኋላዬ ቁጭ ብላ ጸጉሬን የሠራች ሴት አንድ እሷ ናት። አርብ አርብ ቦታ የሚለቁልኝ ሴቶችም ይሰማሉ፤ ወሬ እንደሆነ ኮሮናም አያግደውም። ደግሞ ልጅቷ ድናለች፣ ምን ያደርጋል፣ ያለፈው አልፏል እያልኩ ራሴን ሳባብል ሆሳዕና ደረሰ። ያን ቀን በራሷ ስልክ ደወለች።

«እትዬ ጌጤ፣ ወጣሁ እኮ!» ድምፏ ቀጥኗል እንጂ ደስተኛ ነበረች። ፈርዋንያ ሰፈር፣ ረድኤት የምትባል ጓደኛዋ ዘንድ አርፋለች። «ረድኤት የዶሮ ሾርባ ሠርታ መጠጣት አለብሽ ትለኛለች፤ ሐኪሙም ብዪ ብሎኛል። ግን ነገ ሕማማት ይገባል። አንቺ እዚያ ታስረሽ ጾመሽ፣ እኔ ተኝቼ ሾርባ ልጠጣ? አይሆንም አልኳት። ከአሁን ጀምሮ ምንም አልቀምስም። ለአቡ ከሪምም ደውዬለታለሁ፤ ረቡዕ ነይ ብሎኛል» አለችኝ። «የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ወረቀት ያወጣልኛል። እስከ ፋሲካ ድረስ ፍሪዘር ውስጥ ሰው የለውም። እንደ አንቺ እስክሆን አልተውም።»

ያለፈው አላለፈም ነበር ማለት ነው። ረቡዕ ብርድ ክፍል ልትገባ ነው፤ ባዶ ሆዷን፣ በአንድ ጃኬት፣ እኔን ልትመስል። እኔ ደግሞ ከላይ ተቆልፎብኛል፣ የምጎትታት እንኳ አልኖርም።

«ሩሀማ» አልኳት። «እኔ አልጾምኩም።»

«እንዴ?»

«አራት ሰዓት ላይ ልቁጠር እያልኩ ስሄድ ከካርቶኑ ጀርባ ቂሽጣ ነበር የምበላው። በየቀኑ። አምናም እንደዚሁ ነው። መንዝ አይደለም ያሞቀኝ። ጾም ያጠነክራል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ያን ቀን መንቀጥቀጥሽ የቀረው ልትሞቺ ስለነበር ነው፤ እኔ ነኝ ለመድሽ ብዬ የመለስኩሽ።»

ከበስተኋላዋ የረድኤት ቴሌቪዥን የዛሬውን የታማሚ ቁጥር በዐረብኛ ያነባል። ስድቡን ጠበቅሁ። ስንት ዓይነት ስድብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለሁሉም ተዘጋጅቼ ነበር።

«ብቻሽን?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ብቻሽን ነበር የምትበዪው? እዚያ ጀርባ ቁጭ ብለሽ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ከፊትሽ ቆሜ ራብ እየገደለኝ ነበር» አለች፤ ድምፏ አልጮኸም። «ብትነግሪኝ አብረን እንበላ ነበር።»

ይቅር በዪኝ ለማለት አፌን ስከፍት እሷ ፊቷን ከስልኩ አዙራለች። «ረድኤት» ስትል ሰማኋት፣ «ያን ሾርባ አሙቂልኝ።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። እየበላች ይሆናል ብዬ ተውኳት።